ለሳተላይት ስብሰባ የተወሰዱ ወንበሮቼ

የበደለኝ የባሌ የአጎት ልጅ ነው። የበደለኝም የመጀመሪያው የሳተላይት ስብሰባ ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ያፈላሁትን ሻይ እያማሰለ ነው። ስሙን አልጽፍም። አዝኜለት አይደለም፤ ልጆቹ የልጆቼ ዘመዶች ናቸው፣ በበዓል ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ያን ጊዜ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። የማያውቅ ካለ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

እኛ ዘንድ የባል የአጎት ልጅ እንደ ባል ወንድም ነው። በአማርኛ ዋርሳ ይሉታል። ዋርሳ ሲጠይቅ አይከለከልም። ቤትሽ ገብቶ «ያንን ስጪኝ» ካለ ትሰጫለሽ፤ ከሄደ በኋላ ትናደጃለሽ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ታዲያ ለምን እምቢ አላልሽም?» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው። ብዙዎች ብለውኛልና ሰልችቶኛል።

ክልል ከሆንን ገና ብዙ አልቆየንም ነበር። ቢሮ ነበረን፣ ማኅተም ነበረን፣ በር ላይ የተቀባ ሰሌዳ ነበረን፤ ወንበር ግን የለንም። ትልቅ ስብሰባ ሲኖር አንዱ ቢሮ ከሌላው ይዋሳል። ያ ካልበቃ ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ይመጣል። ለትልልቅ እንግዶች ደግሞ ለስላሳ ወንበር ካለው ሰው ቤት ይወሰዳል። እኔ የቢሯችን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ስልክ ወረዳዎቹ ዘንድ አይደርስምና ጠዋትና ማታ ኢታንግን፣ ፑኝዶን፣ መቲን የምጠራው እኔ ነኝ። መልእክቱን እናገርና መጨረሻ ላይ «ኦቨር» እላለሁ፤ ያኔ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ተራው መሆኑን ያውቃል። በሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል አያወራም። ጥሩ ሥርዓት ነበር። ዋርሳዬ ከሬዲዮ ውጭም ቢከተለው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ቴክኒሻን ሣጥኖች ከጫነ መኪና ላይ ወረደ። በግቢያችን መሐል ጀልባ የሚያህል ነጭ ሳህን አቆመ። የከተማው ሰው እየመጣ አየው። አንድ ሽማግሌ «ዝናብ ሊያጠራቅሙበት ነው፤ ግን አዘንብለው ተከሉት፣ ይፈስሳል» ብለው ፈረዱ። ፍየሎች ጥላው ሥር መተኛት ስለ ጀመሩ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። ቴክኒሻኑ ሰብስቦ አስረዳን፤ ስለ ኮምፒውተርና ስለ አዲሱ ቴክኖሎጂ የሚመክር የአገር ስብሰባ ይደረጋል፣ ግን ማንም ከከተማው አይወጣም፣ እያንዳንዱ ክልል በየአዳራሹ ተቀምጦ በትልቅ ቴሌቪዥን ይተያያል።

«አውቶቡስ የለም?» አለ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ።

«የለም።»

«ሆቴልም የለም?»

«ምን ያደርጋል? ቤታችሁ ታድራላችሁ።»

«እንግዲያው አበልም የለም በለኛ!» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ቴክኖሎጂ ጥሩ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከየክልሉ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ መልእክት ወደ ወረዳ እንዴት እንደሚላክና ኮምፒውተር ቢመጣ ምን እንደሚለወጥ ጥቂት ደቂቃ እንዲናገር ተባለ። የቢሮ ኃላፊያችን እኔን መረጡ። «አንቺ የማታዪውን ሰው ስታናግሪ ነው የኖርሽው፤ ይህን ደግሞ እያየሽ ታናግሪያለሽ» አሉኝ። ትክክለኛ ሰው ነበሩ። አንድ ጥፋት ነበረባቸው፤ ሲወጡ ቢሮውን ለዋርሳዬ ይተዉ ነበር።

ደስታዬን አልደብቅም። ንግግሬን በወረቀት ጻፍኩ። ወረዳ እስኪመልስልኝ ስጠብቅ ሬዲዮው ፊት እያነበብኩ ተለማመድኩት። ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋሁ። ሰፊዋ ወገቡን አጠበበችው፤ «ትንሽ ትከሺያለሽ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ይህንንም አልረሳሁትም። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከበው ጸለዩልኝ። እናቴ ከባሮ ዳር ካለው መንደራችን በጀልባ መጥታ ልታየኝ ተነሣች። መንደሩን ሁሉ «ልጄ ጋምቤላ ተቀምጣ አዲስ አበባ ልትናገር ነው» ብላ አዳርሳዋለች። አንዳንዱ አላመናትም። ስለዚህ መናገር ነበረብኝ።

ሌላውም ሰው እንደኔው ተጠምዶ ነበር። ችግሩ ልብስ ነው። በጋምቤላ ሙቀት ኮት የሚለብስ ማን አለ? ቴክኒሻኑ ደግሞ «ነጭ አትልበሱ፣ ካሜራው ላይ ያብረቀርቃል» ብሎ አስጠነቀቀ። ሰው ሁሉ አጥቦ ያዘጋጀው ነጭ ነበር። አንዱ ነጭ ሸሚዙን በሻይ ቀለም ሊነክር አስቦ በመጨረሻ ዝንጉርጉር አደረገው። በከተማው ውስጥ እውነተኛ ወፍራም ኮት የነበረው ከመቲ ለስብሰባው የመጣው ሰው ብቻ ነው። መቲ ደጋ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ሰውየው ጋምቤላ ሲደርስ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮቱ የእሱ መሆኑ ቀረ፤ ፎቶ ለመነሣት የማይዋሰው አልነበረም።

ኃላፊያችን ከአንድ ሌላ ትልቅ ባለሥልጣን ጋር ለሥራ ወደ ፑኝዶ ሄዱ። ሐሙስ ለስብሰባው እንመለሳለን አሉ። ሰኞ ዋርሳዬ የእሳቸው ወንበር ላይ ነበር።

«የወንድሜ ሚስት፣ ስኳሩ አነሰ» አለኝ።

ጨመርኩለት።

«ደግሞ የሐሙሱን ንግግር እኔ እናገራለሁ።»

«የትኛውን ንግግር?»

«የሳተላይቱን። ያንቺ አማርኛ ለሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ፊት አያሳይም። አሁን አገር ነው የሚያየን። አንቺ ከተሳሳትሽ ክልሉ ተሳሳተ ነው የሚባለው።»

«ያንተ አማርኛስ?»

«እኔ አዲስ አበባ ኮርስ ወስጃለሁ» አለና ሻዩን ፉት አለ።

የወሰደው ኮርስ የንብረት አያያዝ ነው። የጠፋ ንብረት እንዴት እንደሚጻፍ ተምሮ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ንብረት ጠፋ፣ በሚገባም ተጻፈ። አማርኛ የሁለታችንም የእናት ቋንቋ አይደለም። እኔ ግን ከመንገድ ሠሪዎች፣ ከነጋዴዎችና ከሰፋሪዎች ልጆች ጋር እየተሰዳደብኩ የተማርኩት ነው፤ በስድብ የተማሩት ቋንቋ አይጠፋም። ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ወረቀቱን አምጪ» አለ። ሰጠሁት። ባሌ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ነበር የሚሠራው፤ በሬዲዮ ነገርኩት። ምን ብሎ እንደመለሰ አልጽፍም፤ ወረዳው ሁሉ ሰምቶታል።

ያ አልበቃውም። በማግስቱ ሾፌሩ ቤቴ መጣ።

«እትዬ፣ ወንበሮቹን ላኪ በላት ተብያለሁ።»

«ማን አለህ?»

«ዋርሳሽ። ሐሙስ ፊት ላይ ለሚቀመጡት ለኃላፊዎቹ ነው። በከተማው እንዳንቺ ወንበር የለም ብሏል።»

ይህን እንኳ እውነቱን ነው። ሁለት ወንበሮች ነበሩኝ። እንጨታቸው ከመቲ ጫካ የመጣ፣ የከተማው አናጢ በልኬ የሠራቸው፣ ቀይ ከፋይ የለበሱ። መደገፊያቸውና እጃቸው ላይ ያለውን ዳንቴል በኪሮሽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ወረዳዎቹ መልስ እስኪሰጡኝ ስጠብቅ። መቲ ቶሎ አይመልስም ነበርና የመደገፊያው ዳንቴል ሰፊ ነው። ንግግሬን ወስዶ ወንበሬን ደግሞ ላኪ ሲለኝ አስቡት። ላክሁ። ዋርሳ ነዋ።

እናቴ የዚያኑ ቀን ማታ የደረቀ ዓሣ ተሸክማ ደረሰች። ቤቱ መሐል ቆማ ወንበሮቹ የነበሩበትን ባዶ ቦታ አየች። ሁሉንም ነገርኳት። ዓሣውን ባዶው ቦታ ላይ አኖረች። ከዚያ በቋንቋችን፣

«መንደሩ ውስጥ ተናግሬ መጥቻለሁ፤ ሳላይ አልመለስም። አንቺን ካላየሁ ወንበሮችሽን አያለሁ» አለች።

ረቡዕ ልምምድ ሆነ። ቴክኒሻኑ ካሜራውን ሁለቱ ወንበሮቼ ላይ አነጣጥሮ አሰረው። «የሚናገር ሰው እዚህ ነው የሚቀመጠው። ካሜራው ከእነዚህ ሁለት ወንበሮች ሌላ ምንም አያይም። ገባችሁ?» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚያ ሙቀት ከመጠየቅ መነቅነቅ ይቀላል።

ዋርሳዬ የመቲውን ሰው ኮት ለብሶ ተለማመደ። እጅጌው ክርኑ አጠገብ ቆሟል። ከባሮ ወዲያ ማዶ ያለ ባለ ታንኳ እንደሚጠራ ሰው ጮኸ፣ «የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች! ኦቨር!»

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ይሰማል። ኦቨርም አያስፈልግም» አለው ቴክኒሻኑ።

«ታዲያ እንደጨረስኩ በምን ያውቃሉ?»

«እርስዎ ዝም ሲሉ ነዋ።»

«ዝም ካልኩማ ሞተ ይሉኛል!»

ያን ቀን እንኳ ሳቅሁ። ከሻይ ፔርሙሱ ጀርባ ሆኜ ነው የሳቅሁት። ሥራዬ ሻይና ውሃ ማቅረብ ሆኖ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረና ጠዋት አየሩ ጥሩ ነበር። እናቴ ከአዳራሹ ውጭ፣ ማንጎው ሥር፣ መስኮቱ አጠገብ ቦታ ያዘች። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ነበር። ለምን ለበስሽው የሚል ካለ፣ የተሰፋ ቀሚስ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን የስብሰባ ልማድ መንገር አለብኝ። ሰው አዳራሽ ሲገባ ከኋላ ጀምሮ ይቀመጣል። ፊት ያለው ለስላሳ ወንበር የትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው እስኪመጣ ባዶውን ይጠብቃል፤ ባይመጣም ባዶውን ይውላል። በሌላ ሰው የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመገኘት ቆሞ መዋል ይሻላል። ስለዚህ ያን ቀን የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚዎች እስከ ግድግዳው ድረስ ሞሉ፣ ሰው በትከሻ ተደጋገፈ፣ ፊት ግን ሁለቱ ወንበሮቼ ከፊታቸው የታሸገ ውሃና የላስቲክ አበባ ተቀምጦላቸው ብቻቸውን ነበሩ። ዋርሳዬም ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀቴን ይዞ፣ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነው። ኃላፊዎቹ ገብተው ሲቀመጡ በክብር ተነሥቶ ወደ ፊት ሊመጣ ነው አሳቡ። ቴክኒሻኑ ነዳጅ እንዳያልቅ ጄኔሬተሩ ዘንድ ውጭ ነበር። ኃላፊዎቹ አልመጡም።

ቴሌቪዥኑ በራ። አዲስ አበባ ታየ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ክልሎቹን በተራ ሰላም አለ። ከዚያ፣

«ጋምቤላ! ጋምቤላ ይሰማል?»

«ይሰማል!» አለ አዳራሹ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ሰውየው ወደ ጎን ዞሮ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገረና ተመለሰ። «ድምፅ ይመጣል፤ ሰው ግን አይታየንም። የሚታየን ሁለት ወንበር ነው።» ትንሽ አየና «ቆንጆ ወንበሮች ናቸው» አለ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለበት እግዚአብሔር ይባርከው።

ዋርሳዬ ከኋላ ብድግ አለ። «አለን! ብዙ ነን! ኦቨር!»

«እባካችሁ ወደ ፊት ኑና ተቀመጡ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ሹክሹክታ ተነሣ።

«ሂድ እንጂ።»

«የኃላፊው ወንበር ነው እኮ።»

«መጥተው እዚያ ላይ ቢያገኙኝስ?»

«ኮቴን የለበሰው ሰው ይሂድልኝ» አለ የመቲው ሰውዬ።

ዋርሳዬ መጣ። የቀኙን ወንበር መደገፊያ ያዘ። ሊቀመጥ ጉልበቱን ሲያጥፍ ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። እንደ ተኮሱበት ሰው ዘሎ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። መኪናው ናፍጣ ያመጣ ነበር። ሲሮጥ ግን ዳንቴሌን በእጁ ጎትቶ መሬት ጣለው።

ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ያ ዳንቴል ከመቲ መልስ ስጠብቅ የሠራሁት ነው። ፔርሙሱን እንደያዝኩ ሄድኩ፣ ከወንበሩ አጠገብ አስቀምጬ ዳንቴሉን አነሣሁት፣ አራገፍኩት፣ መደገፊያው ላይ አስተካክዬ ዘረጋሁት።

«አሁን ሰው ታየን!» አለ መነጽር ያደረገው። «እህቴ፣ አዎ አንቺ፣ ሰማያዊ የለበስሽው። ተቀመጪ እባክሽ። ጋምቤላን ወክለሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ?»

ወደ ኋላ ዞርኩ። ዋርሳዬ ጣቱን ወደ ወንበሩ እየጠቆመ ራሱን በኃይል ይወዘውዛል። ወንበሩ የኃላፊ ነው ማለቱ ነው። አናጢው ግን የሠራው ለእኔ ነው። የተቀመጥኩበትም ጉድጓድ ትራሱ ላይ አለ።

ተቀመጥኩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ወረቀቱ እሱ ኪስ ነበር። ንግግሩ ግን እኔው ዘንድ ነው። በሬዲዮ መልእክት ስናገር የክልሉ ወረዳ ሁሉ እንደሚሰማ፣ አንድ ሰው ፈቃድ ሲከለከል እሱ ሳያውቀው ፑኝዶ ገበያ ላይ እንደሚወራ ነገርኳቸው። ሳቁ። ኮምፒውተር ከመጣ መልእክት ለባለቤቱ ብቻ እንደሚደርስ፣ ይህም ለሰው ክብር ጥሩ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ ዋናውን አልኩ፤ ማሽኑ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ዛሬ ሬዲዮው ላይ ያለነውን ሴቶች ይሁን፣ አለበለዚያ አዲሱ ጠረጴዛ ሲገባ እኛን ወደ ሻይ ይመልሱናል። ፔርሙሱ ከጎኔ ይታያቸው ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አበቃሁ። ኦቨር» አልኩ።

አዎ፣ ብያለሁ። አፌ ነው ያለው። አዲስ አበባ ሳቀ፣ ሌሎቹም ክልሎች በየአዳራሻቸው ሳቁ። መነጽር ያደረገው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ «ጋምቤላ፣ በሚገባ ሰምተናል። ጥያቄሽ ተይዟል። ኦቨር» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ክልልም በ«ኦቨር» ጨረሰ፤ ከእሱ የቀጠለውም እንዲሁ። እስከ ምሳ ድረስ አገሩ ሁሉ እንደ እኛ ወረዳ ያወራ ነበር።

እናቴ ከመስኮቱ እልልታዋን አቀለጠችው። በቋንቋችን፣ «ልጄ ናት! ወንበሩም የራሷ ነው!» ብላ ጮኸች። አዲስ አበባ አልገባውም። አዳራሹ ገባው፤ የሳቀው ሳቅ ጄኔሬተሩን ዋጠው።

ለምሳ የተጠበሰ ዓሣና ማንጎ ቀረበ። ሰው እየመጣ እጄን ጨበጠ። የሒሳብ ሠራተኛው እንኳ «አበል ቢኖረው ጥሩ ስብሰባ ነበር» አለኝ። በዚህ መሐል ኃላፊዎቹ ጭቃ ይዟቸው መንገድ ላይ እንደቀሩ ወሬ መጣ፤ ዛሬ አይደርሱም። ዋርሳዬ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ሰው በተሰበሰበበት ወደ እኔ መጣ።

«የወንድሜ ሚስት፣ ደህና አደረግሽ። ወንበሩን አሞቅሽልኝ።»

«ወንበሩን ነው ያሞቅኩት?»

«እንዴታ! ከሰዓት በኋላ ጥያቄና መልስ ነው፤ ይኼ የወንድ ሥራ ነው። እኔ እቀመጥበታለሁ። ውሃውን ብቻ ቀይሪልኝ።» ብሎ ሳቀና አሻግሮ ወደ ጓደኞቹ ጠቀሰ።

ወንበር ስጪኝ አላለም። እቀመጥበታለሁ ነው ያለው። ዋርሳ ሲጠይቅ አይከለከልም፤ እሱ ግን አልጠየቀም።

ከገበያው ባለ እጅ ጋሪ አስጠራሁ። ሰዎቹ ማንጎ ሲበሉ ሁለቱን ወንበሮች አስወጥቼ አስጫንኩ። ዳንቴሎቹን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ። የታሸገውን ውሃና የላስቲክ አበባውን መሬት ላይ፣ በነበሩበት ቦታ ተውኩላቸው። እናቴ መንገዱ ጭቃ ነው አለች፤ አንደኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጋሪው በከተማው መሐል ሲያልፍ ለሚያውቋትም ለማያውቋትም ሰላምታ እየሰጠች ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን ቴክኒሻኑ ነገረኝ። ፊት ላይ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ አደረጉ። አሁን የተደፈረ ቦታ ሆኖ ሁሉም ተሽቀዳደመበት፣ ዋርሳዬም ጫፍ ደረሰው። ካሜራው ግማሹን ብቻ ያሳይ ነበር። የታየው ግማሽ ኮቱ ነው።

እኔ ወንበሮቹን ጠርጌ፣ ዳንቴሎቹን መልሼ፣ በቦታቸው አኖርኩ። ለማንም አላዋስኩም። ዋርሳዬ እስከ ዛሬ በበዓል ቤቴ ይመጣል። ሻይ እሰጠዋለሁ፣ ስኳሩን አበዛለታለሁ። የሚቀመጠው በርጩማ ላይ ነው።